ፒኗ እኔ ጋ ናት

ሞተር ይተኛል ብል ትስቁብኝ ይሆናል። እኛ መንደር ግን ይተኛል። ሽንኩርቱ ተጎንጉኖ ጣሪያ ሥር ከተሰቀለ በኋላ፣ የፔይፕሲ ሐይቅ በረዶ ሊጋገርበት ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ባለጀልባ ሁሉ ሞተሩን ፈትቶ ግቢው ያስገባና ያስተኛዋል። ጥግ ላይ ወርውሮት የሚተው ሰው ሚያዝያ ሲመጣ የእጁን ያገኛል። ሌላው ዓሣ ላይ ሲወጣ እሱ ዳር ቆሞ ገመድ እየጎተተ ይሳደባል።

አባቴ ኮንድራቲ እንደዚያ ዓይነት ሰው አልነበረም። እንደሱ ለብረት የሚጠነቀቅ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። አንዳንዴ ሳስበው ይሄ ጥንቃቄው ነው የሚያናድደኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ልብሴን ገፈፈና፣ «ግላሻ! ተነሽ እንጂ፣ ዛሬ እናስተኛዋለን» አለኝ። ስሜ ግላፊራ ነው፤ ግላሻ የሚለኝ ደስ ሲለው ነበር። ሌላ ልጅ ስላልነበረው የሞተሩ ረዳት እኔ ነበርኩ፤ ወንድ ልጅ ቢኖረውም የሚመርጠው እኔን እንደሆነ አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም።

ከጉድጓዱ ውሃ እየቀዳሁ በርሜሉን ሞላሁ። አሥራ አራት ባልዲ። እጄ ቀይ ሆኖ ደነዘዘ። አባቴ ሞተሩን በርሜሉ አፍ ላይ አስሮ ፕሮፔለር ያለበትን እግሩን ውሃው ውስጥ ነከረው።

«በጋውን ሙሉ ጭቃና አሸዋ ሲጠጣ ከረመ፤ አሁን ንጹሕ ውሃ ይጠጣና ይተኛ» አለ።

ገመዱን ሲጎትተው ግቢው ተናወጠ። የበርሜሉ ውሃ ተንፈቀፈቀ፣ ዶሮዎቹ አጥር ሥር ተወሸቁ፣ ሰማያዊ ጭስ ወደ ቤቱ ነፈሰ። እናቴ ኡስቲኒያ መስኮቱን ድርግም አደረገችው፤ ከመስታወቱ ጀርባ የምትለው አይሰማም፣ ግን ስለታጠበው ልብስ እንደሆነ ገባኝ። ሁልጊዜ ስለታጠበው ልብስ ነበር።

«አሁን ያንቺ ተራ!» ብሎ ጮኸ አባቴ። የቤንዚኑን ቱቦ ነቀለና የዘይት ጣሳውን አስያዘኝ። በካርቡራቶሩ አፍ ዘይቱን ጠብ ጠብ አደረግኩለት። ሞተሩን አሳለው። ነጭ ጭስ ተፋ፣ ተንገራገጨ፣ ቀጥ አለ። ጆሮዬ ውስጥ ዝምታው ጮኸ።

«ሞተ?»

«ምን ይሞታል፤ ጠገበ እንጂ! ሆዱ ዘይት ከያዘ ዝገት አይደፍረውም።»

ካንዴላዎቹን ፈታንና በየቀዳዳው አንዳንድ ማንኪያ ዘይት ጨመርን። ማንኪያው የእማዬ ነበር፣ ከኩሽና የሰረቅኩት። ቀጥሎ ከሥር ያለውን ብሎን ፈታ፤ የማርሹ አሮጌ ዘይት ቀጥኖ እየተጎተተ ጣሳ ውስጥ ይወርድ ጀመር።

አጎቴ ሳቫቲ በር ላይ መኪናውን ያቆመው ይሄኔ ነው። የሥጋ አጎቴ አይደለም፤ እኛ መንደር ትልቅ ሰው ሁሉ አጎት ነው። ከኛ ሦስት ቤት ወረድ ብሎ የሚኖር ረጅም ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ቢጫ ላዳ ነበረችው፣ እሁድ እሁድ የሚወለውላት። ሰላምታ እንኳን በቅጡ ሳይሰጥ ጣቱን ከሚወርደው ዘይት ሥር ሰደደ። በሁለት ጣቱ አሻሸው፤ ወደ ብርሃኑ አዞረው።

«ወተት የለውም» አለ። ውሃ የገባው ዘይት ወተት የነካው ሻይ ነው የሚመስለው።

«ምን ጠብቀህ ነበር? የኮንድራቲ ሞተር እኮ ነው!»

«ማመንስ አምንሃለሁ፤ ማየት ደግሞ አይከፋም።»

ተናደድኩ። የሰው ሞተር ውስጥ ጣቱን የሚከት ይሄ ማነው? ብዬ። አባቴ ግን አልተቆጣም። እጁን በጨርቅ ጠራርጎ ዘረጋለት፤ ሳቫቲም ጨበጠው፤ እንደተያያዙ ቆዩ።

«ግላሻ፣ ነይ እጅ ቁረጪልን» አለኝ አባቴ።

ሁለት ሰዎች ተጨባብጠው የሚስማሙበት ነገር ሲኖር ሦስተኛ ሰው መዳፉን ቀጥ አድርጎ ከላይ ይመታና እጃቸውን ያላቅቃል። ሳይቆረጥ የቀረ መጨባበጥ ወሬ ነው፣ አይጸናም። ይሄ የወንዶች ሥራ ነበር፤ ለኔ ደርሶኝ አያውቅም።

«በምንድነው የተወራረዳችሁት?» አልኩ።

ሳቫቲ መሬት መሬቱን አየ። አባቴ ግን ሳይደናገር፣ «በበረዶው። ዘንድሮ ቶሎ ይሄዳል አልኩት፣ አይሄድም አለኝ» አለ።

«እና ማን ያሸንፋል?»

«ሚያዝያ ላይ ታያለሽ።»

ባለኝ ጉልበት ሁሉ መታሁት። አባቴ «እሰይ የኔ ጀግና!» አለ። ሳቫቲ አልሳቀም፤ ጫማውን አስተካከለና ወጣ።

ያኔ አላወቅኩም እንጂ ውርርድ አልነበረም። ሞተሩን በረዶው ሲሄድ ለሳቫቲ፣ ላዳዋን አሁኑኑ ለአባቴ ሊሰጣጡ ነበር የተጨባበጡት። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ አባቴን ከቤት ያስወጣውን ስምምነት በገዛ እጄ ያጸናሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው መጥራት ያቅተው ነበር? መንደሩ በሰው ሞልቶ!

ሳቫቲ ከሄደ በኋላ የመጨረሻው ሥራ ቀረን። አባቴ ፕሮፔለሩን ነቀለና ከዘንጉ ውስጥ ከትንሿ ጣቴ ያጠረች የናስ ፒን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። ግራሶ ወርሷታል፣ ግን ሞቃ ነበር።

«ይህቺ ናት ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የምትይዘው። ያለሷ ሞተሩ ቢጮህ ቢጮህ ጀልባው ንቅንቅ አይልም።»

«እንዲህ ቀጥና?»

«ቀጭን የሆነችው ሆን ተብሎ ነው። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ እሷ ትሰበራለች፤ ሞተሩ ይተርፋል።»

«ሚስማር ቢከቱበትስ? ሚስማር አይሰበርም።»

እንደሰደብኩት ሁሉ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «ሚስማር የሚከት ሰው ዓሣ አጥማጅ ነው እንዴ? ደደብ ነው እንጂ! ሚስማሩ እምቢ ብሎ የማርሹን ጥርስ ያረግፈዋል። የሰው ንብረት ለማጥፋት ካልሆነ ማን ሚስማር ይከታል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰኞ ታሊን ከተማ እሄዳለሁ፤ ሥራ አግኝቻለሁ። ፒኗ አንቺ ጋ ትቀመጥ። እሁድ እሁድ ከጸሎት ስትመለሺ ዕቃ ቤት ግቢና ገመዱን ሁለቴ፣ ቀስ ብለሽ ሳቢለት። ሳይንቀሳቀስ ከከረመ ፒስቶኑ ይጣበቃል። ትችያለሽ?»

«እችላለሁ። መቼ ትመጣለህ?»

«በረዶው ሲሄድ።»

ሰኞ ዕለት በቢጫዋ ላዳ ሄደ። እናቴ በር ድረስ አልወጣችም። የሽንኩርት ጉንጉን ላይ አቀርቅራ፣ «ብርድ ነው፣ በሩን ዝጊው» ብቻ አለችኝ። እኔ ግን አልከፋኝም። አባቴ የሄደው በሰው መኪና ነው፤ የሰው ነገር ደግሞ ይመለሳል። እናቴ ራሷ የተዋሰችውን ወንፊት ሳትመልስ አታድርም ነበር። አባቴ ላዳዋን መመለስ ግዴታው ነው፤ ላዳዋ ከመጣች እሱም መጣ። ፒኗም እኔ ጋ ናት። ከዚህ በላይ ምን ዋስትና አለ?

ሐይቁ ነጭ ሆነ። እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት ቆመን ቆመን እግሬ ሲዝል ቀጥታ ወደ ዕቃ ቤቱ እሮጣለሁ። ሞተሩ የእንጨት ፈረስ ላይ ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል፣ የአባቴን አሮጌ ካፖርት ለብሷል። ካፖርቱን ገልጬ ገመዱን እስበዋለሁ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከውስጡ እፍፍ የሚል ትንፋሽ ይወጣል፣ ዘይት ዘይት የሚሸት። «ይተኙ፣ መምጫው ቅርብ ነው» እለዋለሁ እንደ ትልቅ ሰው አንቱ ብዬ። ብረቱ ከመቀዝቀዙ የተነሳ ጣቴን ያጣብቀው ነበር። አንድ እሁድ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። አፏን ከፈተች፤ የምትለው ነገር የነበራት መሰለኝ። ተመልሳ ሄደችና ጓንት ይዛ መጣች።

«ቢያንስ ይሄን አድርጊ» አለች።

ያን ቀን ብትነግረኝ ኖሮ! እሷም ታውቅ ነበር። ሁሉም ያውቁ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ መንደሩ በሙሉ አንዲት ልጅ የሰው ሞተር ስትጠብቅ እያየ ዝም አለ። እናቴን ይቅር ብያታለሁ፤ ግን ቶሎ አልነበረም።

ሳቫቲ ክረምቱን በእግሩ ከረመ። በረዶ ላይ ዓሣ አጥምዶ ሲመለስ ሸርተቴውን በገመድ እየጎተተ በበራችን ያልፋል፤ ጢሙ ላይ በረዶ ተንጠልጥሎ። ወንዶቹ፣ «ሳቫቲ! ፈረሱን ሸጠህ ኮርቻውን ገዛህ አሉ!» እያሉ ይስቁበታል። ምን ማለታቸው እንደሆነ አይገባኝም፤ ብቻ አሳዘነኝ። ለሰው መኪናውን አውሶ በእግሩ የሚሄድ፣ ለዚያውም የሚሳቅበት! በሐሳቤ ከሰው ሁሉ የበለጠ ደግ እሱ ሆነ። አልፎ አልፎ ዓሣ ያቀብለንና ቀስ ብሎ ይጠይቀኛል።

«ሞተሩን ትስቢለታለሽ?»

«ሁልጊዜ! አንድ እሁድ አላለፈኝም።»

«ጎሽ። ጎሽ ልጄ» ይልና ዓይኔን ሳያይ ይሄዳል። ንብረቱን ነበር የሚጠይቀው። እኔ ደግሞ የአባቴ ናፍቆት መስሎኝ አብሬው አዝናለሁ። አይ አለማወቅ!

ጥር ላይ ደብዳቤ መጣ። እናቴ ቆማ አነበበችውና ምድጃው ውስጥ ጨመረችው። ያን ቀን ማታ ሻይ ስንጠጣ የአባቴ ሰማያዊ ስኒ ከቦታው የለም። በኛ በድሮው ሥርዓት አማኞች ዘንድ ከሃይማኖታችን ውጪ የሆነ ሰው በኛ ዕቃ አይጠጣም፤ ለፖስተኛው፣ ለከብት ሐኪሙ፣ ለሽንኩርት ነጋዴው የሚቀርቡት ስኒዎች በሩ አጠገብ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ለብቻቸው ናቸው። የአባቴ ስኒ እዚያ ተቀምጧል።

«እማዬ፣ የአባዬ ስኒ ከእንግዳ ስኒዎች ጋ ገብቷል።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን?»

«ላይ ሆኖ ቢወድቅ ይሰበራል» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ታች ያለ አይወድቅም ብዬ ተቀበልኳት። እንዲያውም ለስኒው መጠንቀቋ ደስ አለኝ። አባቴ ታሊን ውስጥ ከኛ ሥርዓት ውጪ ከሆነች ሴት ጋር ተጋብቶ እንደነበር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ቤቱ እንግዳ እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ላዳዋን የፈለጋት ልብሱን ለመጫን ነበር።

በረዶው በሚያዝያ ሦስተኛው ሳምንት ሄደ። ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ፣ ሲሰባበር አድሮ ጠዋት ሐይቁ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ከአልጋዬ ዘልዬ አጥሩ ላይ ወጣሁና መንገዱን ማየት ጀመርኩ። ቢጫ መኪና አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ሳቫቲ መጣ፣ ጋሪ ይዞ። እናቴ ምንም ሳትል የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጠችው።

«አባዬ ሳይመጣ?» አልኳት።

«ተይው፣ ይውሰድ።»

ገባኝ። አባቴ ሲመጣ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቀው ነው! ፒኗን ከትራሴ ሥር አወጣሁና ጉንጬ ውስጥ ሸጎጥኳት። ሐይቁ ዳር ድረስ ጋሪውን እየገፋሁ አብሬ ሄድኩ። ሦስት አራት ወንዶች ጀልባቸውን ሬንጅ ይቀቡ ነበር፤ እኔን ሲያዩ ወሬያቸውን አቆሙ። ሳቫቲ ሞተሩን ጀልባው ጀርባ ላይ አሰረ፣ ካንዴላዎቹን አጠበቀ፣ ከዚያ ፕሮፔለሩን ከጆንያ ውስጥ አወጣ።

አሁን የዘንጉን ቀዳዳ ያያል። ባዶ ነው። ይፈልጋል፣ ያጣል፣ «ፒኗ የታለች?» ይላል። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ፒኗ እኔ ጋ ናት። የምሰጠው ለአባዬ ነው» እለዋለሁ። ያኔ ሁሉም ያለ አባቴ ምንም እንደማይንቀሳቀስ ያያሉ። በአፌ የናስ ጣዕም ሞልቶ ጠበቅኩ።

ሳቫቲ ቀዳዳውን አየ። አልፈለገም። ወዲያ ወዲህ አላለም። እጁን ደረት ኪሱ ከተተና ሚስማር አወጣ። ራሱ ተቆርጦ፣ ጫፉ ተሞርዶ፣ ልኩን ሆኖ የተዘጋጀ ሚስማር። ከቀዳዳው ሰክቶ ፕሮፔለሩን ገጠመበት።

ፒኗን መዳፌ ላይ ተፋኋት። «ሚስማር አይሆንም! አባዬ ጥርሱን ያረግፈዋል ብሏል! የሰው ሞተር እኮ ነው!»

ሳቫቲ ጎንበስ እንዳለ፣ «ግላሻ… ሞተሩ የኔ ነው» አለ።

«መኪናህስ? መኪናህን መቼ ነው የሚመልስልህ?»

«የቷን መኪና? መኪናዋ የሱ ናት። አንቺው አይደለሽ እጅ የቆረጥሽልን?»

ገመዱን ሳበ። በመጀመሪያው ተነሳ፤ ሃያ አምስት እሁድ ስስበው ከርሜ እንዴት አይነሳ! ሬንጅ ከሚቀቡት አንዱ፣ «ምን ያለ ድምፅ ነው እባክህ፣ ትናንት የቆመ ነው የሚመስለው» አለ። ጀልባው ዳሩን ለቆ ሄደ። እኔ እዚያው ውሃው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ፣ ጫማዬ እስኪሞላ ድረስ። ማልቀስ እንኳን አልመጣልኝም። እፍረቱ ይበልጥ ነበር፤ ሁሉም እያወቁ እኔ ብቻ በመጠበቄ አፈርኩ።

አባቴ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ መጥቷል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ። ሻዩን ከታችኛው መደርደሪያ ስኒው ጠጥቶ ስለ መንገዱ አውርቶ ሄደ። ስለ ፒኗ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሳሁበትም። ብዙ ነገር ትቼለት ስለነበር ለራሴ ያስቀረሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፒኗን መዳፌ ላይ ሲያስቀምጣት፣ ያቺን ደቂቃ፣ ሊመለስ አስቦ ነበር ብዬ አምን ነበር። ከዚያ ከተማው ለወጠው፣ ሴትዮዋ ለወጠችው፣ ምንም ይሁን ምን፤ ያቺ ደቂቃ ግን እውነት ናት። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያች ደቂቃ ኖርኩ።

ሞተሩ ዛሬ የኔ ነው። ሳቫቲ ጉልበቱ ሲከዳው ከአምስት ዓመት በፊት ግቢዬ ድረስ አምጥቶ፣ «ያሳደግሽው አንቺ ነሽ» ብሎ ጥሎልኝ ሄደ። መጀመሪያ ያደረግኩት ሚስማሩን መንቀል ነው። አዲስ የናስ ፒኖች አስቆረጥኩለት፤ የአባቴን ፒን ግን በመሳቢያዬ አስቀመጥኳት።

ባለፈው ጥቅምት በርሜሉ ላይ አስሬ ሳስተኛው ሳቫቲ አጥር ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ሻዩን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ካለፈው በቀር የሚያወራው የለውም። ዘይቱን ጠብ ጠብ አድርጌ ሞተሩ አስሎ ሲቆም፣ ዝምታው ውስጥ፣ «ያቺን ሚስማር ታስታውሻታለሽ?» አለኝ።

«እንዴት አላስታውስ!»

«እኔን ትወቅሺ ይሆናል ብዬ እኮ… አባትሽ ነው የነገረኝ። ስለ ላዳዋ የተነጋገርን ቀን፣ ገና ሳንጨባበጥ። 'ፒኗን ለልጅቷ እሰጣታለሁ፤ የምትይዘው ነገር ካላገኘች ታስቸግራለች። አንተ እንዳትጠይቃት፣ ሚስማር ቁረጥና ይዘህ ሂድ' አለኝ። ልኩን የሰጠኝ እሱ ነው። አየሽ፣ አስቦልሽ ነበር።»

ሽማግሌው ስጦታ የሰጠኝ መስሎት ፈገግ ብሎ ያየኛል። ሚስማር የሚከት ደደብ ነው ያለኝ ሰው ለሚስማሩ ልክ ሰጥቶ ነበር የሄደው። ላስታቅፋት ብሎ የሰጠኝ ነገር ነው፤ ዋጋ እንደሌለው እያወቀ፣ ምትክ አዘጋጅቶለት። ቢረሳት ይሻለኝ ነበር! ረስቷት ቢሆን ልቤ ባልተቃጠለ! አስቦበት ነው ያደረገው፤ እኔን የገደለኝም ማሰቡ ነው።

«አጎቴ ሳቫቲ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ፤ ልለውጥልህ» አልኩት።

ዘንድሮ በረዶው እንደሄደ መሳቢያውን ከፍቼ ፒኗን አወጣኋት። ጠቁራለች፣ ግን ቀጥ እንዳለች ናት። ከዘንጉ ቀዳዳ ስሰካት ስልት ብላ ገባች፤ ቦታዋ ነው። ፕሮፔለሩን ገጠምኩና ብቻዬን ወጣሁ። ከሸንበቆው ማዶ ድንጋዮች አሉ፤ መንደሩ በሙሉ ያውቃቸዋል፣ ልጅ እንኳን ይዞርባቸዋል። አልዞርኩም።

ጠቅ አለ። ሞተሩ ባዶውን ጮኸ፣ ጀልባዋ ቆመች። ሞተሩን አጥፍቼ ከውሃው ቀና አደረግኩትና ፕሮፔለሩን ፈታሁ። የማርሹ ጥርስ ምንም አልሆነም። ፒኗ ሦስት ቦታ ተቆርጣለች።

ቁርጥራጮቿን አንድ በአንድ ለቅሜ ውሃው ውስጥ ጣልኳቸው። ኪሴ ውስጥ ሌሎች አራት ነበሩኝ፣ ሁሉም ናስ። አንዷን ሰካሁ፣ ገመዱን ሳብኩና ወደ መረቤ ሄድኩ።